የግንበኛው ደመወዝ መባ አይደለም



ዛሬ የምንከራከረው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ መሥራት ስትጀምር፣ የሕንፃ ኮሚቴው ከግንበኛው ጋር በእጅ ዋጋ ሲደራደር፣ መጨረሻ ላይ የሚሰማ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የጌታ ቤት እኮ ነው፤ ትንሽ ቀንስ እንጂ! ጌታ ይክፈልህ።» ብዙዎች ይህን የሚሉት በቅንነት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ መቆርቆር ይመስላቸዋል። እኛ ግን ይህ አነጋገር ከእግዚአብሔር ቃል ጋር ይጋጫል እንላለን። የግንበኛው ደመወዝ ዕዳ ነው እንጂ መባ አይደለም። ከድሃ ላብ በጭቅጭቅ የተቀነሰ ገንዘብ በእግዚአብሔር ፊት መሥዋዕት ሆኖ አይቆጠርም።

አስቀድመን ሥራውን እንመልከት። ዋጋ የሚቀንስ ሰው የሚቀንሰው ከምን ላይ እንደሆነ ማወቅ አለበትና።

ግንበኛው ጎህ ሳይቀድ ይነሣል። የሚኖረው ኪራይ በሚረክስበት በከተማው ዳርቻ ስለሆነ፣ ሳይቱ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይቀያይራል ወይም ረጅም መንገድ በእግሩ ይጓዛል። ልብሱን ቀይሮ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ማዕዘን ማውጣት ነው። በሁለቱ ጫፍ ያሉትን ማዕዘኖች በቱንቢና በውሃ ልክ አስተካክሎ ያቆማል፤ በመካከላቸው ሲባጎ ይወጥራል፤ ከዚያ በሲባጎው ልክ ይደረድራል። የተቦካውን ሲሚንቶ በማንኪያው ይዘረጋል፣ ብሎኬቱን ያስቀምጣል፣ በማንኪያው እጀታ መታ መታ ያደርጋል፣ የተረፈውን ይጠርጋል። የላይኛው ረድፍ መጋጠሚያ በታችኛው መጋጠሚያ ላይ እንዳይውል ያሻግራል፤ አለዚያ ግድግዳው አይያያዝም። ያቦካው ሲሚንቶ ሳይደርቅ መጨረስ አለበት። የደረቀውን ውሃ ጨምሮ ቢያነቃው ጥንካሬው እንደሚቀንስ ያውቃል።

ቁጥሩን እናስላው። አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት 12 ወይም 13 ይፈጃል። 10 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው የአዳራሽ ግድግዳ 30 ካሬ ነው፤ ወደ 375 ብሎኬት ማለት ነው። አንዱ ብሎኬት 10 ኪሎ ብቻ ይመዝናል ብንል እንኳ፣ ለዚያ አንድ ግድግዳ 3,750 ኪሎ በሰው እጅ ይነሣል። ያውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ከመኪና ይወርዳል፣ ይከመራል፣ በባሬላ ወይም በትከሻ ይቀርባል፣ ወደ መወጣጫው ይቀበሉታል፣ በመጨረሻም ግንበኛው አንሥቶ በቦታው ያኖረዋል። የሰንበት ጉባኤ ጀርባውን የሚያስደግፍበት ግድግዳ የቆመው እንዲህ ነው።

እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል። ጓንት የሌለው ሰው ጣቶቹ ይሰነጠቃሉ፤ ማታ ቅባት ቢቀባቸውም ጠዋት ሥራ ሲጀምር እንደገና ይከፈታሉ። ድንጋይና ጡብ ሲቆረጥ የሚነሣው ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። በብዙ ቦታ የሚቆምበት መወጣጫ በምስማር የተያያዘ የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሥራውን ያቋርጣል፤ ሥራው ሲቋረጥ ክፍያውም ይቋረጣል። የቤት ኪራይ ግን ሐምሌንና ነሐሴን አይዘልም።

ከግንበኛው ሥር ረዳቱ አለ፤ ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ብሎኬት የሚያቀብል። ከረዳቱ ጎን ደግሞ አሸዋና ውሃ የምታመላልስ እህታችን አለች፤ ለዚያው ሸክም ከወንዱ ያነሰ የምትቀበልበት ሳይት ብዙ ነው።

እንግዲህ ኮሚቴው «ለጌታ ቤት» ብሎ ከካሬው ዋጋ ላይ ሲያስቀንስ፣ የሚቀነሰው ከማን ነው? ሲሚንቶ ነጋዴው በዕለቱ ዋጋ ይሸጣል፤ ገንዘቡን ሳይቆጥር አያስጭንም። ብረት ሻጩም እንደዚያው። አሸዋ ያመጣው ሹፌር ሒሳቡን ሳይቀበል ከደጁ አይንቀሳቀስም። ለእነዚህ ሁሉ «የጌታ ቤት ነው» ቢባሉም «እግዚአብሔር ይባርካችሁ» ብለው ሙሉውን ይቀበላሉ። ቅናሹ ታዲያ እንደ ጎርፍ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ኮንትራክተሩ በግንበኛው ላይ ይቀንሳል፤ ግንበኛው ሒሳቡን ለማቻቻል ሁለት ረዳት የነበረውን አንድ ያደርጋል፤ የቀረው አንዱ የሁለት ሰው ሸክም ይሸከማል። ስለዚህ የቅናሹን ዕዳ የሚከፍለው በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ያልነበረ ሰው ነው። ስሙንም ኮሚቴው አያውቀውም።

ቃሉ በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላለም። በኦሪት እግዚአብሔር ስለ ድሃው ሠራተኛ ሲያዝ፣ ደመወዙ በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትገባ ይሰጠው ይላል፤ ምክንያቱንም ሲናገር ሰውዬው ድሃ መሆኑንና ነፍሱ በዚያች ክፍያ ላይ የተንጠለጠለች መሆኗን ያነሣል (ዘዳ. 24፥14-15)። የሠራተኛው ሒሳብ በአሠሪው እጅ እንዳያድርም በዘሌዋውያን ይከለክላል (ዘሌ. 19፥13)። ፀሐይ ሳትገባ! ዛሬ ግን «ቃል የተገባው ገንዘብ ገና አልገባም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ» የሚል መልስ ሦስት ቅዳሜ ሲሻገር እናያለን። በሦስቱም ቅዳሜዎች ማግስት እሑድ አለ፤ በእሑዱም ስለ ታማኝነት ይሰበካል።

ነቢዩ ኤርምያስ ወዮታውን ያነሣው በዳዊት ዙፋን ላይ በተቀመጠው በኢዮአቄም ላይ ነው። ንጉሡ ሰፊ ቤት ሠራ፣ መስኮት አወጣለት፣ በዝግባ አስጌጠው፤ ባልንጀራውን ግን ያለ ዋጋ አሠራው። እግዚአብሔርም አባቱን ኢዮስያስን አስታውሶ፣ የድሃውንና የችግረኛውን ፍርድ መፍረድ እርሱን ማወቅ እንደሆነ ተናገረ (ኤር. 22፥13-16)። ልብ በሉ ወገኖች፤ እግዚአብሔርን ማወቅ በዚህ ስፍራ የተለካው በግንባታ ሒሳብ ነው። ዕንባቆም ደግሞ በግፍ በተሠራ ቤት ውስጥ ድንጋዩ ራሱ ከግድግዳው እንደሚጮኽ ይናገራል (ዕንባ. 2፥11)። ያዕቆብም የተከለከለው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱ ወደ ሠራዊት ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)። በአዳራሹ ግድግዳ ውስጥ ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ፣ ስፒከራችን የቱንም ያህል ቢጮኽ ያንን ድምፅ ሊሸፍነው አይችልም።

የሚነሡትን መከራከሪያዎች እናውቃቸዋለን፤ አንድ በአንድ እንመልስ።

«በፈቃዱ ነው የቀነሰው» ይባላል። ፈቃድ እንዲሆን እኮ እምቢ የማለት አቅም ያስፈልጋል። ልጆቹ ቤት የሚጠብቁት፣ ሥራውን ካልተቀበለ ሌላ አሥር ሰው ከበሩ ውጭ የቆመለት ሰው «እሺ» ሲል ያንን ስጦታ ብለን ልንጠራው አንችልም። በተለይም እምነት ያለው ግንበኛ ሲሆን፣ እምቢ ቢል ጌታን እምቢ እንዳለ እንዲሰማው ይደረጋል። የሰውን እምነት የዋጋ መደራደሪያ ማድረግ በገበያም ነውር ነው።

«ታዲያ አንድ ወንድም ከልቡ በነጻ ላገልግል ቢልስ?» ይባላል። እሰየው! ጉልበትን ለጌታ መስጠት የከበረ ነገር ነው። ግን መጀመሪያ ሙሉ ደመወዙን በእጁ ስጡት። ከዚያ ማንም ሳያየው ወደ መባ ሣጥኑ ይዞ ይሂድ፤ ወይም ወደ ቤቱ ይዞ ይግባ። ምርጫው የእርሱ የሚሆነው ገንዘቡ እጁ ከገባ በኋላ ነው። ስጦታ ግራ እጅ ቀኝ እጅ የሚሠራውን ሳያውቅ የሚሰጥ ነው (ማቴ. 6፥3)፤ በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ላይ «ቅናሽ» ተብሎ የሚመዘገብ አይደለም።

«የቅዱሳን መባ ስለሆነ መቆጠብ አለብን» ይባላል። መቆጠብ መልካም ነው፤ ከማን እንደሚቆጠብ ግን ይለይ። ንጉሥ ዳዊት መሠዊያ ሊሠራ ወደ ኦርና አውድማ በወጣ ጊዜ፣ ኦርና ቦታውንም በሬዎቹንም በነጻ ሊሰጠው ወደደ። ዳዊት ግን ምንም ያልከፈለበትን ነገር ለአምላኩ ማቅረብን እምቢ ብሎ በዋጋ ገዛው (2ሳሙ. 24፥24)። የዳዊት መንፈስ ይህ ነው። በሌላ ሰው ኪሳራ የቆመ አዳራሽ ለእኛ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ርካሽ መሆኑ ግን መንፈሳዊ አያደርገውም። በንጉሥ ኢዮአስ ዘመንም መቅደሱ ሲጠገን፣ የተሰበሰበው ብር ለጠራቢዎች፣ ለአናጺዎችና ለግንበኞች ይከፈል ነበር። በዚያ ገንዘብ የብር ጽዋና መለከት አልተሠራበትም፤ ለሠራተኞቹ ተሰጠ እንጂ (2ነገ. 12)። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር፣ ስክሪኑና ምንጣፉ ከግንበኛው ደመወዝ በኋላ ይመጣሉ ማለት ነው።

«እኛ ኮንትራክተሩን ከፍለናል፤ ከዚያ በታች ያለው አይመለከተንም» ይባላል። በእርግጥ ውል ውል ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን የምታስገባው ውል «የመጨረሻው የቀን ሠራተኛ ሳይከፈለው ቀጣዩ ክፍያ አይለቀቅም» የሚል አንድ መስመር እንዳይኖረው ማን ከለከለ? በሰማይ ጌታ ያለን መሆናችንን አስታውሰን ለሚሠሩልን ቅንና ትክክል የሆነውን እንድንሰጥ ታዘናል (ቆላ. 4፥1)። ጌታችን በውሉ አንቀጽ ተከልሎ ለሚቆም ሰው የተለየ ሒሳብ የለውም።

«ጌታ ይክፈልህ» የሚለውስ? ይህ በአገራችን የተወደደ ምርቃት ነው፤ አንቃወመውም። ቦዔዝም ሩትን እግዚአብሔር ዋጋሽን ይክፈልሽ ብሎ መርቋታል። ነገር ግን በዚያው ቀን ከማዕዱ አብልቷታል፤ ጎልማሶቹንም ከነዶው እየመዘዙ እንዲተዉላት አዝዟል (ሩት 2)። ምርቃት ከክፍያ ጋር ሲሆን በረከት ነው። በክፍያ ፋንታ ሲሆን ግን ዕዳን በእግዚአብሔር ስም ማዛወር ነው። እግዚአብሔር ደግሞ ሰዎች በስሙ የሚፈርሙበት የዱቤ መዝገብ የለውም።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ፣ ከሥሩ የቆየ ንቀት እናገኛለን። በአገራችን ሸማኔው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ለዘመናት በሚጠቀሙባቸው ሰዎች ሲናቁ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ወንጌላውያን ግን ከዚህ ንቀት ጋር ምንም ዝምድና ሊኖረን አይገባም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሳሙኤል ጎባት አሳብ፣ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ የወንጌል መልእክተኞች ወደዚህች አገር የመጡት የእጅ ሙያ ይዘው ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ይሠሩ ነበር። ወንጌልና መዶሻ በአንድ ሰው እጅ አብረው ነው የመጡት።

ከሁሉ በላይ ጌታችን ራሱ አለ። የአገሩ ሰዎች በእርሱ የተሰናከሉት «ጸራቢው» ስለነበረ ነው (ማር. 6፥3)። በግሪኩ «ቴክቶን» የሚለው ቃል በእንጨትም ሆነ በድንጋይ የሚሠራን የግንባታ ባለሙያ ሊያመለክት የሚችል ቃል ነው። የእግዚአብሔር ልጅ በምድር ላይ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በሥራ ሻካራ በሆነ እጅ ነው። ስለዚህ እጁ በሲሚንቶ የተሰነጠቀ ወንድም ሊጨብጠን ሲመጣ ዓይናችን ጣቱ ላይ ቢያርፍ፣ የናዝሬቱን ሰው እናስብ። ሴት ልጃችንን ሊያገባ የመጣ ጎልማሳ ግንበኛ መሆኑን ሰምተን ፊታችን የሚጠቁር ከሆነ፣ በናዝሬት ብንኖር ከማን ወገን እንሰለፍ እንደነበር እንመርምር።

ግንበኛው አንድ ነገር ያስተምረናል። ግድግዳ ከሥሩ ጥቂት ከቱንቢ ከወጣ፣ ከፍ ባለ ቁጥር መዝመሙ ይጨምራል። ጥሩ ግንበኛ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ረድፉን አፍርሶ ያስተካክላል። ሰነፉ ግን «በልስን ይሸፈናል» ብሎ ያልፈዋል። ልስን ዓይንን ያታልላል እንጂ ግድግዳ አያቀናም። አሞጽ ጌታን ቱንቢ በእጁ ይዞ በቅጥር ላይ ቆሞ አይቶታል (አሞ. 7፥7-8)። ሕዝቅኤልም የዘመመውን ቅጥር የሚለስኑ ነቢያትን ወቅሷል፤ ዝናብ ሲመጣ ከነልስኑ ይወድቃልና (ሕዝ. 13፥10-14)። በምረቃ ቀን የሚደረገው ዝማሬ፣ ሪባንና የክብር እንግዳ ከሥሩ ያለው ሒሳብ ከዘመመ ልስን ብቻ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)። በዚያ ስሌት ውስጥ የእጅ ዋጋ በመጨረሻው መስመር ሳይሆን በመጀመሪያው ይጻፍ። ለሠራተኛ የሚከፈለው ገንዘብ በባንክ ሳይቀመጥ መሠረት አይቆፈር። ክፍያ በተባለበት ቀን ይሁን፤ ቅዳሜ ከተባለ ቅዳሜ። የሕንፃ ኮሚቴው አንድ አባል በየሳምንቱ ሳይቱ ሄዶ ከረዳቱና ውሃ ከምታመላልሰው እህት አፍ «ተከፍሎሃል? ተከፍሎሻል?» ብሎ ይጠይቅ። ለተመሳሳይ ሥራ ለሴትና ለወንድ ተመሳሳይ ክፍያ ይሁን። የራስ ቁር፣ ጓንትና ጠንካራ መወጣጫ በበጀቱ ውስጥ ይካተቱ። የአገሪቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። የመንግሥት ሕግ ይህን ያህል ከጠየቀ፣ ጸጋ የበዛለት ሕዝብ ከዚያ በታች ሊቆም አይችልም። በምረቃው ቀንም የለጋሾች ስም ከመነበቡ በፊት የግንበኞቹና የረዳቶቹ ስም ይነበብ፤ ከነቤተሰባቸው ተጋብዘው ከፊት ይቀመጡ።

ይህን ሁሉ የምንለው ስለ ገንዘብ ብቻ ብለን አይደለም፤ ስለ ወንጌሉ ነው። እኛ በምን ዳንን? በሚጠፋ ብር ወይም ወርቅ ሳይሆን በክቡር ደም ነው የተዋጀነው (1ጴጥ. 1፥18-19)። በመስቀሉ ላይ እግዚአብሔር ዋጋ አላስቀነሰም፤ ሙሉውን ከፈለ። ሙሉ ዋጋ ተከፍሎለት ነጻ የወጣ ሕዝብ በአንድ ድሃ ላብ ላይ ቆሞ የሚጨቃጨቅ ከሆነ፣ የተዋጀበትን ዋጋ ገና አልተረዳም። ከግብፅ የወጡት እስራኤል ገለባ ሳይሰጣቸው የጡቡ ቁጥር እንዳይጎድል ይጠየቁ ነበር (ዘጸ. 5)። እግዚአብሔር ጩኸታቸውን ሰምቶ ያወጣቸው ሌላ ፈርዖን በመካከላቸው እንዲነሣ አልነበረም።

ጌታን ገና ላልተቀበላችሁና ምናልባትም በቤተ ክርስቲያን ስም ደመወዛችሁ ለቀረባችሁ ወገኖች የምንለው አለን። ያ ያደረሰባችሁ ሰው ክርስቶስን አይወክልም። እርሱ ራሱ ሠራተኛ ነበረ፤ የጉልበታችሁን ዋጋ ያውቃል፤ ጩኸታችሁም ጆሮው ደርሷል። ሰዎች ስለ በደሏችሁ እርሱን አትሽሹት፤ ወደ እርሱ ኑ። ደካሞችንና ሸክም የከበደባቸውን ሁሉ የጠራ እርሱ ነው።

የሕንፃ ኮሚቴ አባላት፣ ሽማግሌዎች፣ አገልጋዮች ሆይ! ለግንበኛ ያልተከፈለ ሒሳብ በመዝገባችሁ ካለ፣ ሰኞ ማለዳ ፈልጋችሁ አግኙትና ክፈሉት። ከዚያም «ጌታ ይባርክህ» በሉት፤ ያን ጊዜ ቃሉ ከአፋችሁ ያምራል።

የማዕዘን ራስ ድንጋይ የሆነው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ቤቱን በጽድቅ የምንሠራ ያድርገን። አሜን።